«ያልጠረጠረ ተመነጠረ»፦ የግል አብራሪ ቦርሳ እንደ ታሪክ ሰነድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ጥቁር የሸራ ቦርሳ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር በጋራ የገዟትን አራት መቀመጫ ያላት ሴስና 172 አውሮፕላን ቅዳሜና እሑድ የሚያበርሩ ሰው ነበሩ። የዶክትሬት ጥናቴን በምሠራበት ዘመን ከቤታቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት አብሬአቸው ኖሬአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸው ደክሞ የጤና ምስክር ወረቀታቸውን ማሳደስ ሲሳናቸው ቦርሳውን እንዳለ ላኩልኝ። ከውስጡ ያስቀሩት የአብራሪነት ፈቃዳቸውንና የበረራ መዝገባቸውን ብቻ ነው። አብሮት የመጣው ማስታወሻም አጭር ነበር፤ ለተማሪዎችህ አሳያቸው ይላል። እነሆ፣ አደራውን ዛሬ እወጣለሁ።

የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ለራሱ ደስታ ወይም ለራሱ ጉዳይ የሚበርር ሰው በቦርሳው ምን ይይዛል? ለምንስ ይይዛል?

ጥያቄውን በእኛው ቋንቋ ለመጀመር «ስንቅ» የሚለውን ቃል ልዋስ። ድሮ በቅሎና አህያ እየነዳ ከገበያ ገበያ የሚዞረውን የሲራራ ነጋዴ ስንቅ ያየ ሰው፣ ነጋዴውን ሳይጠይቅ የሚሄድበትን መንገድ መገመት ይችል ነበር። በሶና ዳቦ ቆሎ ከበዛ፣ ማደሪያና ማብሰያ የማይገኝበት አገር ከፊቱ አለ ማለት ነው። የውኃ ቅሉ ከተደረበ መንገዱ ቆላ ነው፤ ጦሩ ከተወለወለ ሽፍታ ያሰጋል። ስንቅ መንገደኛው መንገዱን ምን ያህል እንደሚያምንና እንደማያምን የሚመሰክር ነገር ነው። የአብራሪም ቦርሳ እንዲሁ። የዛሬው ክርክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ ቦርሳ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥርጣሬ ነው፤ ያ ጥርጣሬም ከእኛ በፊት የበረሩ ሰዎች በስሕተታቸው፣ አንዳንዴም በሕይወታቸው የገዙት ነው።

ስለ ሌላ አብራሪ ሳይሆን ስለ ግል አብራሪ የምናገረው በምክንያት ነው። ከአየር መንገድ አብራሪ ጀርባ መሥሪያ ቤት አለ። የአየር ጠባዩን የሚያጠና፣ ነዳጁን የሚያሰላ፣ ጭነቱን የሚመዝን፣ ሞተሩን የሚፈትሽ፣ ካርታውን የሚያድስ ባለሙያ በየክፍሉ ተቀምጧል። በሌላ አነጋገር መጠራጠሩ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። የግል አብራሪ ግን እነዚህን ሁሉ አንድ ራሱን ሆኖ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪነት ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የበረራ ልምድ 40 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሠራተኛ የአንድ ሳምንት የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤተሰቡን አሳፍሮ መነሣት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ይህ ቦርሳ ነው። ስለዚህ የበረራን ጥርጣሬ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

አሁን አንድ በአንድ ላውጣ።

መጀመሪያ ይህችን የምታሳይ ትንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ተመልከቱ። ጫፏ ላይ ቀጭን ዘንግ አላት። ከአከራዬ ጋር መጀመሪያ በበረርን ጠዋት ሰውየው በክንፉ ሥር ጎንበስ ብለው በዚህች ዘንግ የነዳጅ ጋኑን ማፍሰሻ ገፋ አደረጉና ጥቂት ነዳጅ ቀድተው ወደ ሰማይ አቅንተው አዩት። የትንንሽ አውሮፕላኖች ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይደረግበታል፤ ቀለሙ ሌላ ከሆነ የተቀዳው ሌላ ነዳጅ ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመርም በዓይን ይለያል። ነዳጁን የሚሸጥላቸው ሰው የብዙ ዓመት ወዳጃቸው መሆኑን አውቅ ነበርና፣ እሱን አያምኑትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን አምነዋለሁ፤ ሌሊቱን ነው የማላምነው» አሉኝ። ጋኑ ጎዶሎ ሆኖ ካደረ በባዶው ክፍል ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ ጠብታውም ወደ ሞተሩ መንገድ ይገባል። በዚያች ጠዋት የቴክኖሎጂ ታሪክ ከምላቸው መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ የተማርሁ ይመስለኛል። የምትጠረጥረውን ነገር ለይተህ ማወቅ ሰውን ከመጠርጠር ያድንሃል።

ሁለተኛው ይህ የታጠፈ ካርታ ነው። አሜሪካውያን «ሴክሽናል» የሚሉት ሲሆን መስፈርቱ 1 ለ500,000 ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለች 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 5 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አውሮፕላን ከተፈጠረ በኋላ ብዙ ዓመታት አብራሪዎች የራሳቸው ካርታ አልነበራቸውም። የመኪና መንገድ ካርታ ይይዙ ነበር፤ ወይም ዝቅ ብለው የባቡር ሐዲድ ይከተሉ ነበር። በ1921 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ደብዳቤ ለሚያመላልሱ አብራሪዎች ያሳተመው መመሪያ ዋና ይዘቱ የመሬት ምልክቶች ዝርዝር ነው፤ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ይህን ያህል ማይል ሲኬድ ወንዝ ይገኛል፣ ሐዲዱ በዚህ በኩል ይቀራል ይላል። ለመንገደኛ በአፍ የሚነገረው የእኛ የመንገድ ምሪት በጽሑፍ ሲሆን ይህን ይመስላል። በዚያች አገር የአየር ንግድ ሕግ በ1926 ከወጣ በኋላ መንግሥት ለአብራሪዎች ብሎ ካርታ መሥራት ያዘ፤ የሴክሽናል ካርታዎቹም በ1930 መውጣት ጀመሩ።

ነገር ግን ካርታው ሐዲዱንና ወንዙን እንጂ አብራሪው በሌሊት የሚሞትበትን ነገር አይነግረውም ነበር። ይህን ጉድለት የሞላው የአንድ ሰው ኪስ ነው። ኤልሪ ጄፕሰን በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ደብዳቤ የሚያመላልስ አብራሪ ነበር፤ በዚያ መስመር ባልደረቦቹ ሲሞቱ አይቷል። በ1930 ገደማ በ10 ሳንቲም አንዲት ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ የየማረፊያውን ሜዳ ርዝመትና ተዳፋት፣ በዙሪያው ያሉትን ምሰሶዎችና ኮረብታዎች ከፍታ ይጽፍባት ጀመር። በዕረፍቱ ቀን ከፍታ መለኪያ ይዞ ኮረብታ ይወጣ ነበር። በየመንገዱ ያሉ ገበሬዎችን የስልክ ቁጥር ሳይቀር መዝግቧል፤ ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ሰማዩ እንዴት እንዳደረ ይጠይቃቸዋልና። ባልደረቦቹ ቅጂ ስጠን አሉት፤ በ1934 ደብተሩን እያባዛ በ10 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የአየር መንገዶች የሚጠቀሙባቸው የጄፕሰን ቻርቶች መነሻ ይህች ደብተር ናት። ለታሪክ ተማሪ ትምህርቷ ትልቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ከተቋም ወደ ግለሰብ እንደሚወርድ አድርገን እናስተምራለን፤ እዚህ ግን የአንድ ሰው ፍርሃት ከኪሱ ወጥቶ ተቋም ሲሆን እናያለን።

ሦስተኛው ይህ ክብ የብረት ሰሌዳ ነው። ኢ-6ቢ ይባላል። በአንድ ፊቱ ተሽከርካሪ የሒሳብ መሥሪያ አለው፤ በሌላው ፊቱ ንፋስ በአውሮፕላኑ አቅጣጫና ፍጥነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በእርሳስ ነጥብ ያሳያል። በ1930ዎቹ የፈለሰፈው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ፊሊፕ ዳልተን ነው። አስፈላጊነቱን በምሳሌ ላሳይ። አንድ አብራሪ 150 ኖቲካል ማይል ርቆ ወዳለ ከተማ በሰዓት 100 ኖቲካል ማይል በምትሄድ አውሮፕላን ቢነሣ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። በሰዓት 20 ኖቲካል ማይል የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ከመጣበት ግን ምድሩ ላይ ያለው ፍጥነት ወደ 80 ይወርዳል፤ ጉዞውም 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ 22 ደቂቃ ተኩል ነው። የአሜሪካ ደንብ በቀን ብርሃን በዓይኑ እያየ የሚበርር አብራሪ ከመድረሻው በኋላ የ30 ደቂቃ ነዳጅ እንዲተርፈው ያዛል። ንፋሱን ያላሰላ ሰው እንግዲህ ሳያውቀው ከመጠባበቂያው አብዛኛውን በልቶ ይደርሳል፤ ንፋሱ ትንሽ ቢበረታ ደግሞ አይደርስም። አውሮፕላኑ ግን ምንም አልተበላሸም፤ ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በደንብ ይሠራል። ዳልተን ራሱ በ1941 በማሠልጠን ላይ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሰሌዳው በአያሌ ሺህ አብራሪዎች ጉልበት ላይ ቀረ።

አራተኛው ይህ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ፣ ቼክሊስት ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በኦሃዮ በሚገኘው ራይት ፊልድ ቦይንግ ኩባንያ ሞዴል 299 የተባለውን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ለጦር ሠራዊቱ ሊያሳይ አስነሣው። አብራሪዎቹ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ የተካኑት ነበሩ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ንፋስ የጭራውን መቆጣጠሪያ እንዳያንገላታው የሚያስረው ቁልፍ ሳይፈታ ተነሡ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን አቅንቶ ወጣ፣ ቆመ፣ ወደቀ። ሻለቃ ፕሎየር ሂል እና የኩባንያው አብራሪ ሌስሊ ታወር በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። ከዚህ በኋላ የተወሰደው ርምጃ አስገራሚ ነው፤ የተሻለ አብራሪ ፍለጋ አልተጀመረም፤ የተሻለ ሰው አልነበረምና። በአንድ ካርድ ላይ የሚገባ ዝርዝር ተጻፈ። በዚያ ካርድ የተጠረጠረው የሰው ልጅ ማስታወስ ነው። አከራዬ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ረጃጅም ቀመሮችን በቃላቸው የሚወጡ ሰው ነበሩ። ቢሆንም አሥር ጊዜ የሠሩትን ነገር ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሲሠሩ ካርዱን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ነበር።

ቦርሳው ግን ሁሉን አይሸከምም፤ የጥርጣሬ ተቃዋሚ አለ፤ እርሱም ክብደት ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ ሜይ 20 ቀን 1927 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ ብቻውን ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ የጠረጠረው የነዳጅ ማለቅን ነበር። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቀነሰ። ራዲዮ አልያዘም፤ ፓራሹት አልያዘም፤ ከካርታዎቹ ላይ የማያስፈልገውን ክፍል ቆርጦ አስቀረ። አምስት ሳንድዊች፣ ውኃና አንዲት የምትነፋ የጎማ ጀልባ ይዞ 33 ሰዓት ተኩል በረረ። ይህን ስናነብ ድፍረት ይመስለናል፤ ነገር ግን ቦርሳውን እንደ ሰነድ ካነበብነው የተመጠነ ፍርሃት እናገኛለን። ከሁለት ፍርሃቶች አንዱን መምረጥ ግድ ስለሆነበት መረጠ።

ይህ የክብደት ነገር ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ኦገስት 18 ቀን 1929 በአገራችን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲያርፍ ያረፈበት ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነበር። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሞተሩን ያደክመዋል፤ ክንፉንም ደገፍ አያደርገውም። ከባሕር ዳርቻ በቀላሉ የምትነሣ ትንሽ አውሮፕላን እዚህ ረጅም መንደርደሪያ ትጠይቃለች፤ በቀትር ሙቀት ደግሞ ይብስባታል። በባሕር ዳርቻ አብራሪ ዘንድ ከቁጥር የማይገባ ሻንጣ በደጋ አብራሪ ዘንድ ይመዘናል። ቦርሳው የአብራሪውን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ጠባይ ይናገራል ማለቴ ስለዚህ ነው።

አምስተኛው ይህ ነው፤ ተራ የቁስል ፕላስተር። ይህን ሳወጣ ስለ ኤሚ ጆንሰን ሳላወራ አላልፍም። ከእንግሊዝ ሀል ከተማ የመጣች፣ በለንደን በአንድ የሕግ ጽሕፈት ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር ወጣት ነበረች። በ1929 የግል አብራሪነት ፈቃዷን አገኘች፤ በዚያው ዘመን የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድም ወሰደች። ሜይ 5 ቀን 1930 ጄሰን ብላ በሰየማት አንዲት ያገለገለች ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ከለንደን ክሮይደን ብቻዋን ተነሥታ በ20ኛው ቀን አውስትራሊያ ዳርዊን ደረሰች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይዛው የተነሣችው ነገር ሲታይ ከአውሮፕላኑ ጎን የታሰረ ትርፍ ውልብልቢት አለ፤ ሽጉጥ አለ፤ ቀላል ካርታዎች አሉ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃም አለ። በበርማ ስታርፍ ውልብልቢቷ ተሰበረ፤ ትርፉ ተተካ። በጃቫ ደሴት ስታርፍ ግን ማንም ያልጠረጠረው ነገር ገጠማት። መሬት ላይ የተተከሉ የቀርከሃ ችካሎች የክንፏን ሸራ ቀዳደዱት። ቀዳዳው በቁስል ፕላስተር ተለጥፎ ጉዞዋን ቀጠለች።

ይህ ታሪክ ክርክሬን የሚያጠናክርም የሚፈታተንም ነው። ውልብልቢቱ አስቀድሞ የታሰበበት ጥርጣሬ ነበር፤ በታሰበበት ቦታ ዋለ። ፕላስተሩ ግን ለእጅና ለእግር የተያዘ ነበር፤ ክንፍ አዳነ። ስለዚህ ቦርሳ የሚጠብቀው ከተገመተው አደጋ ብቻ አይደለም። የጠረጠረ ሰው አደጋውን በትክክል ባይገምተውም እጁ ባዶ አይሆንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአገራችን ምሳሌም እንዲህ ሲታይ ስለ ትንቢት የተነገረ አይደለም፤ ተዘጋጅቶ ስለ መገኘት የተነገረ ነው።

ስድስተኛው ይህ ሁለት ቀለም ያለው የእጅ ባትሪ ነው። ቀዩ ብርሃን በጨለማ የለመደ ዓይን እንዳይደነግዝ ይረዳል። ይሁን እንጂ በካርታው ላይ በቀይ ወይም በሐምራዊ ቀለም የተጻፈው ሁሉ በቀይ ብርሃን ይደበዝዛል። አንዱን ጥርጣሬ ያስታገሠ መሣሪያ ሌላ ጥርጣሬ ይወልዳል፤ ስለዚህ ነጩም አብሮ ይያዛል።

ሰባተኛው የእጅ ሰዓት ነው፤ ይህ ለእኛ ልዩ ጣጣ አለው። የበረራ ዓለም በሙሉ በአንድ ሰዓት ይገዛል፤ የዓለም አቀፉ ሰዓት አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት ነው። በዓለም አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን ዙሉ 6 ሰዓት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ያንኑ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ይለዋል። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ጊዜ። በአማርኛ እያሰበ የሚበርር ሰው ከእናቱ ጋር በስልክ የተቀጣጠረበትን ሰዓትና በበረራ ዕቅዱ ላይ የሚጽፈውን ሰዓት ሳያምታታ መያዝ አለበት። ሰዓት መቁጠሪያችንን ስሕተት ማለቴ አይደለም፤ ቀንን ከንጋት የሚጀምር አቆጣጠር ለገበሬ እጅግ ትክክለኛ ነው። ዳሩ ግን ሁለት ትክክለኛ አቆጣጠሮች ሲገናኙ ጥርጣሬ ያስፈልጋል።

ይህ የጎን ኪስ ባዶ ነው። ፈቃዱ፣ የጤና ምስክር ወረቀቱና መታወቂያው የነበሩበት ነው። በዲሴምበር 1944 ዓለም ገና በጦርነት ላይ ሳለች 52 አገሮች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነትን አዘጋጁ፤ ኢትዮጵያም ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። የስምምነቱ 29ኛ አንቀጽ ከአገር ወደ አገር የሚበርር አውሮፕላን የምዝገባና የብቁነት ወረቀት፣ የሠራተኞቹን ፈቃድና የጉዞ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። እስካሁን ያየናቸው ዕቃዎች አብራሪው ሰማዩን፣ ማሽኑንና ራሱን የጠረጠረባቸው ናቸው። እነዚህ ወረቀቶች ግን መንግሥታት አብራሪውን የጠረጠሩባቸው ናቸው። ባዶው ኪስ እኔን ከሁሉ የበለጠ ይነካኛል፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። አከራዬ ዓይናቸው እንደደከመ ከሐኪሙ በፊት ራሳቸው ያውቁ ነበር። ቦርሳውን ለቀው የሰጡትም አርባ ዓመት የተለማመዱትን መጠራጠር በመጨረሻ በራሳቸው ላይ ስላዋሉት ይመስለኛል።

አሁን በዚህ ቦርሳ ውስጥ የሌለውን ነገር ከራሴ ቦርሳ አወጣለሁ፤ ታብሌት። ሜይ 2000 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ታብሌት ገበያ ላይ ዋለ። ካርታው፣ ኢ-6ቢው፣ የማረፊያ ሜዳዎቹ ደብተር፣ ቼክሊስቱ፣ የአየር ጠባዩ ዘገባ ሁሉ በአንድ መስታወት ውስጥ ገቡ። በ2013 አንድ ትልቅ የአሜሪካ አየር መንገድ እያንዳንዱ አብራሪ ይሸከመው የነበረውን 16 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የወረቀት ቦርሳ በታብሌት መተካቱን አስታወቀ። የግል አብራሪዎችም ፈጥነው ተከተሉ። ጥቅሙን ማቃለል አይገባም፤ በካርታ ላይ ጠፍቶ የሚሞት አብራሪ ያለበትን ቦታ በአንዲት ነጥብ ማየት መቻሉ ታላቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ጥርጣሬው አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ። ዛሬ የአንድ ጠንቃቃ የግል አብራሪ ቦርሳ ቢከፈት ትርፍ ባትሪ፣ የኃይል ገመድ፣ ሁለተኛ መሣሪያ፣ በእጅ የሚያዝ ራዲዮና አንዳንዴም የታጠፈ የወረቀት ካርታ ይገኝበታል። የታብሌት አምራቾች ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ባለበት እንዳይሠራበት ይመክራሉ፤ ፀሐይ በሚያቃጥለው የአብራሪ ክፍል መስታወት ሥር ደግሞ ይህ ሙቀት በቀላሉ ይታለፋል። በ2015 በታብሌት ፕሮግራም ላይ በደረሰ ብልሽት የአንድ አየር መንገድ በርካታ በረራዎች ዘግይተዋል። ከነጠላ ነገር ላይ ሁሉን የሰቀለ ሰው ያን ነጠላ ነገር መጠርጠር ግዴታው ነው።

ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ግን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ወደ መጀመሪያው ካርታ ልመለስ። ስዘረጋው በላዩ አንድ የእርሳስ መስመር ታያላችሁ፤ ከመነሻው ቀጥ ብሎ ሄዶ መሐል ላይ በሌላ መስመር ተሰርዟል፤ አጠገቡም «ሁለት የውኃ ማማ» ተብሎ ተጽፏል። አከራዬ በወጣትነታቸው አንድ ቀን በዚህ ስፍራ አንዱን ከተማ በሌላው ተሳስተው ጠፍተው ነበር። ያዳኗቸው ሁለቱ የውኃ ማማዎች ናቸው፤ እነርሱን አይተው ከተማውን ለዩት። ካርታው ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለበረራ አይጠቅምም። ሆኖም ከቦርሳው አውጥተው አያውቁም ነበር። የዲጂታል ካርታ ይህን አያደርግም። የዓለም አቀፉ የበረራ መረጃ ዑደት 28 ቀን ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጠፋል። መጥፋቱ ለበረራ ደኅንነት ግድ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ካርታ ይገድላልና። ነገር ግን አብሮት የእርሳሱ መስመር፣ ስርዙና ሁለቱ የውኃ ማማዎች ይጠፋሉ። አብራሪው የመጨረሻውን ዕውቀት ይወርሳል፤ ዕውቀቱ የተገዛበትን ዋጋ ግን አይወርስም። ዋጋውን ያላወቀ ትውልድ ደግሞ ቼክሊስቱን ለመዝለል፣ ብርጭቆዋን ላለመሙላት ይፈተናል፤ ሁሉም ሲሠራ ያየ ሰው መጠራጠር ከንቱ ድካም ይመስለዋል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው አደራዬ ስለ አውሮፕላን ብቻ አይደለም። በአገራችን በረራ ባመዛኙ የመንግሥት፣ የአየር ኃይልና የአየር መንገድ ሥራ ሆኖ ስለቆየ ታሪኩን የጻፍነውም በመሥሪያ ቤቶቹ ታሪክ በኩል ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1930 ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሆነው ሲበርሩ ግን በየኪሳቸው አንድ ነገር ይዘው ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲሁ። በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የበረራ መዝገብ፣ የተሰረዘ ካርታ፣ የዛገ የሒሳብ ሰሌዳ ቢያጋጥማችሁ ቁርጥራጭ ዕቃ አይምሰላችሁ። የመዝገቡን የአስተያየት ዓምድ አንብቡ። እርሳሱ የተሰረዘበትን ቦታ ጠይቁ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ዛሬ ሂዱና፣ ይህን ለምን ያዝከው በሉት። የሚመልስላችሁ መልስ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የለም።

እኔም ይህን ቦርሳ ከዛሬ ጀምሮ ለትምህርት ክፍላችን አስረክባለሁ። የጎን ኪሱ ባዶ እንደሆነ ይቀመጥ፤ የተቀረው ሁሉ እየወጣ ይታይ፣ ይነካ፣ ይጠየቅበት። ብርጭቆዋን ግን ከቦታዋ እንዳታጠፏት አደራ።